ይሉኝታ የመረጠው ኮምፕሬሰር

ባለቤቴ ከተሃድሶ ካምፕ ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ ብርድ ልብስና አንድ ሙያ ነበር። ብርድ ልብሱን በፈላ ውኃ ዘፍዝፌ አጥቤ ለልጆቹ ሰጠኋቸው። ሙያውን የሚፈልግ ግን ጠፋ። በቀድሞው ሠራዊት የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ውስጥ ሥራው ብረት በአሸዋ ማጽዳት ነበር፤ እነሱ ሳንድብላስት ይሉታል። አሸዋው በአየር ተገፍቶ ከጠባብ አፈሙዝ ሲወጣ ዝገቱንም አሮጌውንም ቀለም ጠራርጎ ያወርደዋል፤ ብረቱም ዛሬ ከፋብሪካ እንደወጣ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። እኔ ማሽኑን በዓይኔ ሳላይ ሥራውን ከነዝርዝሩ አውቀው ነበር። ሰውዬው ሌላ ወሬ አልነበረውማ።

ዘመኑ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት የሆነበት ነው። ሥራ ፍለጋ በሄደበት ሁሉ «ከዚህ በፊት የት ነበርክ?» ይሉታል፤ የት እንደነበረ ሲናገር ፊታቸው ይዘጋል። ንፋስ ስልክ ውስጥ እሱ ያልረገጠው የጋራዥ ደጅ አልነበረም። በኋላ መሄዱንም ተወው። እኔ ማለዳ ወደምሠራበት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስወጣ አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ትቼው እሄዳለሁ፣ ስመለስም እዚያው ድንጋይ ላይ አገኘዋለሁ። «ድንጋዩን እያሞቅክልኝ ነው?» እያልኩ እቀልድበት ነበር። ድሮ ቢሆን የባሰውን መልሶ ያስቀኛል። አንድ ቀን ግን ዝም ብሎ አየኝና ፊቱን አዞረ፤ ከዚያ ወዲህ መቀለዱን ተውኩ። ሰው ዓይኔ እያየ እየሟሟ ነበር፤ ፈራሁ።

እንዲህ እንዳለን ነው ከላፍቶ ከፍ ብሎ ሰፊ ግቢ ያለው አንድ ባለ ጭነት መኪና ሙያውን ሰምቶ ያስጠራው። የመኪኖቹ ቸርኬ፣ ጎማው የሚገጠምበት ብረት ማለት ነው፣ ሁሉም ዝጎ ነበር። «አንዱን ዓይኔ እያየ አጽዳልኝ» አለው። «ከወደድኩት የመኪኖቼን ቸርኬ ሁሉ፣ ሻንሲውንም ጨምሬ ለአንተ ነው። ከእጅህ ሥራ አይጠፋም።» ባለቤቴ ይህን ሊነግረኝ ፋብሪካው በር ድረስ መጣ። ካገባሁት ጀምሮ እዚያ በር ላይ ቆሞ ጠብቆኝ አያውቅም። መላ ሰውነቱ ይናገር ነበር። የአሸዋውን ማጠራቀሚያ በያጅ ዘንድ ሄዶ ከአሮጌ የጋዝ ሲሊንደር አሠራ፤ አፈሙዙንም ራሱ ሞርዶ አበጀ። የቀረው አየር የሚሰጠው ኮምፕሬሰር ብቻ ነበር። የእቁቤ ዕጣም በዚያው ሰሞን ወጣልኝና ለእሱ ይሁን አልኩ።

መጀመሪያ ያገኘው ለቡ ነው። ያኔ ለቡ ገና እርሻ ነበር፤ ከታክሲ ወርደን በጤፍ ማሳ መሃል ብዙ ተጓዝን። ድንጋይ የሚያወጣ ኮንትራክተር ከአንድ ገበሬ መሬት ተከራይቶ ሲሠራ ቆይቶ፣ ኪራዩን መክፈል ሲያቅተው ባለ ናፍጣ ኮምፕሬሰሩን ጥሎለት ሄዷል። ገበሬው ላሙን ያስርበታል። ጎማዎቹ አፈር ውስጥ ሰምጠዋል፣ ክዳኑ የለም፣ በሆዱ ውስጥ ሣር በቅሏል። እኔ ሳየው «እግዚኦ!» አልኩ። ባለቤቴ ግን እጅጌውን ጠቅልሎ ሥሩ ገባ። ሲፈታና ሲገጥም ረፋዱ አለቀ። ናፍጣ ጨመረበት፣ የማስነሻውን ብረት ወገቡ እስኪቀነጠስ አዞረ፣ ደግሞ አዞረ። ሲነሣ ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ላሚቱ ገመዷን በጥሳ ወደ ማሳው ፈረጠጠች፤ ገበሬውም በኦሮምኛ እየጮኸ ተከተላት።

ባለቤቴ በጥቁር ጭስ መሃል ቆሞ መዳፉን አየሩ መውጫ ላይ ይደቅናል፤ አየሩ እጁን ወርውሮ ይመልስበታል፤ እሱ እየሳቀ ደግሞ ይደቅናል። ከካምፕ ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር። «ይኼ ነው» አለኝ ጮክ ብሎ። «መልኩን አትይው፤ ትንፋሹን እይ። አያልቅበትም!» ገበሬው ላሙን ይዞ ሲመለስ በዋጋው ተስማማን፤ በእጃችን ባለው የሚገዛ ነበር። ለሌላ እንዳይሸጥብን አደራ ብለን ተመለስን። በመንገድ ላይ ባለቤቴ የልጅነቱን ዘፈን ያንጎራጉር ነበር። ድምፁ አያምርም፤ ዝም በል አላልኩትም።

እኛ ዘንድ ግን ትልቅ ዕቃ ሽማግሌ ሳያማክር የሚገዛ ሰው የለም፤ ቢገዛም «ማንን ጠይቀህ?» ይባላል። የእኛ ሽማግሌ የእድራችን ዳኛ ነበሩ። ጡረታ የወጡ፣ ያለ ከዘራ ከበር የማይወጡ፣ ለሰው ጉዳይ ሲሮጡ የራሳቸው ምሳ የሚበርድባቸው ሰው ናቸው። እኔን ለመጠየቅ አባቴ ደጅ የቆሙት እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ከካምፕ ሲለቀቅ ዋስ ያስፈልገዋል በተባለ ጊዜም የሥጋ ዘመዶቹ አንገታቸውን ሲደፉ ሄደው የፈረሙለት እሳቸው ናቸው። ያኔ ለእሱ ዓይነት ሰው መፈረም ቀልድ አልነበረም። ስለዚህ በቤታችን የእሳቸው ቃል አይታጠፍም። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እኮ ነገሩ ቀላል ነበር።

ለቡ ድረስ ይዘናቸው ሄድን። ኮምፕሬሰሩን ዞረው አዩትና በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ይሄ እኮ ሬሳ ነው» አሉ። «ሬሳ ገዝተህ ግቢህ ውስጥ ልትቀብር ነው? ደግሞስ ጎረቤት ይህን ጩኸት በምን ዕዳው ይሰማል? ነገ ከስሶህ እኔው ዘንድ ሊመጣ?»

ባለቤቴ ቀን ቀን ብቻ እንደሚሠራበት፣ አስፈላጊም ከሆነ እየጎተተ ወደ ባለመኪናው ግቢ ወስዶ እንደሚያሠራው ሊያስረዳቸው ሞከረ። አላስጨረሱትም።

«ተወው ልጄ። እኔ አለሁልህ» አሉት።

አሁንም ድረስ ሰው ለሰው «እኔ አለሁልህ» ሲል ስሰማ መቀነቴን ጠበቅ አደርጋለሁ።

በሳምንቱ ብስራተ ገብርኤል የእህታቸው ልጅ ዘንድ ወሰዱን። ልጁ በፊት መኪና ቀለም ይቀባበት የነበረ የኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰር ነበረው፤ አዲስ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ተወልውሎ፣ በረንዳው ላይ ሙሽራ መስሎ ቆሟል። ጋኑም ትልቅ ነው። አንድ የጭነት መኪና ጎማ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ በከተማችን ኮምፕሬሰር ማለት የጎሚስታ ዕቃ ነውና ሰው ሁሉ የሚፈትነው ጎማ በመንፋት ነው። ልጁ ማሽኗን አስነሣ። ድምጿ ለስላሳ ነው፣ ጭስ የላትም። ጎማው ባንዴ ተወጠረ። ዳኛው በከዘራቸው መቱትና «ስማ! ከበሮ አይደለም እንዴ?» አሉ።

ከዚያ ወደ ዋጋው ገቡ። ልጁ የጠራውን ሲሰሙ ዳኛው ተቆጡ፤ «እኔን አክስረህ ልትበለጽግ ነው?» አሉት። «ለእኔ ስትል» አሉት። በመጨረሻ ተነሥተው ትከሻውን ሳሙት፤ ልጁም አፍሮ ቀነሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቴ ማሽኗ አጠገብ ተቀምጧል። ቀስ ብሎ ቧንቧውን ከፈተና መዳፉን ደቀነበት። የግፊቱን መርፌ ያያል። ሞተሩ እየሠራ መርፌው ይወርዳል፣ ይወርዳል። እጁን እዚያው ላይ አቆየው። ፊቱን አየሁት። ለቡ ላይ ሲስቅ ያየሁት ሰውዬ አልነበረም።

«እንዴት ነው?» አሉት ዳኛው፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ቧንቧውን ዘጋ። «ጥሩ ነው አባባ» አላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ።»

እኔም ገንዘቡን ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠሁ።

ቤት እንደገባን ምን እንደሆነ ወጥሬ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ምንም አለ። ሳልለቀው ስቀር ቁጭ አለና ነገረኝ።

«ጎማና አሸዋ አንድ አይደሉም። ጎማ ሆድ ነው፤ ሲሞላ ይበቃዋል። የአሸዋው አፈሙዝ ግን የተከፈተ በር ነው፤ ስትሠሪ እስከዋልሽ ድረስ አየር ይወጣበታል። ያቺ ማሽን የምታመርተው ከሚወጣው ግማሹን አይሆንም። ያጠራቀመችውን ትተፋና ባዶዋን ትቀራለች። ጋኑ ቢተልቅ ምን ይጠቅማል?»

«ይህን እዚያ እያለህ ታውቅ ነበር?»

«እጄን ስደቅንባት አወቅሁ።»

«ታዲያ አፍህን ምን ዘጋው?»

«እንዴት ብዬ?» አለኝ። «ለእኔ ብለው ልጁን ለምነው፣ ትከሻውን ስመው ካስቀነሱት በኋላ፣ እፊቱ 'ዕቃው አይረባኝም' ልበላቸው? እሳቸውን? የፈረሙልኝን ሰው?»

የያዝኩትን ጭልፋ ወረወርኩት። ግድግዳውን መትቶ ወደቀ፤ ወጡ በጭቃው ላይ ወረደ። በዓለም ላይ ያለ ስድብ ሁሉ አፌ ላይ መጣ። ለጥይት ያልተንበረከከ ሰው ለአንድ ሽማግሌ ፊት እንዲህ ይንበረከካል? የልጆቼን እንጀራ በይሉኝታ ይሸጣል? ብዙ ተናገርኩ። እሱ ጭልፋውን አንሥቶ አጠበና መልሶ ሰጠኝ። ያን ጊዜ የበለጠ ተናደድኩ፤ ሰው ሲሰደብ እንኳ መልስ ቢሰጥ ምን አለበት!

ይሁን እንጂ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። አፈሙዙን አጠበበው፤ ቀዳዳው ሲጠብ ያለችው አየር ትበቃ እንደሆነ ብሎ። አሸዋው እየታፈነ አላስኬደውም። አሸዋውን በወንፊት ነፋነው። ጥቅምት ነበርና ጎረቤቴ በርበሬ ታሰጣለች፣ እኔ ከጎኗ አሸዋ አሰጣለሁ። «ለድግስ ነው?» ብላ አሾፈችብኝ። «አዎ፣ አንቺን ነው የምጠራው» አልኳት። ማሽኗ ስትነሣ የግቢው አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል፣ የጎረቤት ራዲዮ ይንኮሻኮሻል። ለጥቂት ጊዜ አሸዋው እየፎጨ ይወጣና ዝገቱን እንደ ቅጠል ያረግፈዋል፤ ወዲያው ደግሞ ትንፋሹ ያጥረውና እግሩ ላይ ይዘረገፋል። ከዚያ መጠበቅ ነው። እስክትሞላ ይጠብቃል፣ የእጅ መዳፍ ያህል ያጸዳል፣ ደግሞ ይጠብቃል። ብዙ በሠራች ቁጥር ትግላለች፤ ስትግል ጋኑ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ ውኃው አሸዋውን ያቦካዋል። ተስፋ መቁረጥ ምን እንደሚመስል የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ያንን የቦካ አሸዋ በእንጨት ሲጎረጉር አሳየው ነበር።

በመጨረሻ ባለመኪናው ለሙከራ የሰጠውን ቸርኬ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ያጸዳው ጀመር። ለሳምንት ያህል ጣቶቹ እስኪደሙ ፈገፈገው። እውነት ለመናገር አማረ። ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጠው ያበራ ነበር። ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ አላውቅም፤ የመኪኖቹን ሁሉ ቸርኬ በእጅ ሊፈገፍግ አይችልም። ሰው ግን ባዶ እጁን ከሚቀመጥ የማይሆነውንም ይሠራል።

ዳኛው እንደ ልማዳቸው ሊጠይቁን መጥተው ያንን ቸርኬ አዩ። አጎንብሰው በጣታቸው ዳሰሱት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አልዋሽም፣ በዓይኔ አይቻለሁ። «አላልኩህም? አላልኩህም?» አሉት። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ትሕትና መሰላቸው። በማግስቱ ሳንጠራቸው፣ ሳይነግሩን፣ ባለመኪናውን ይዘው ከተፍ አሉ። ደስታቸው በከዘራቸው አረማመድ ያስታውቃል። ሌላ የዛገ ቸርኬም በመኪና አስጭነው መጥተዋል።

«በል ልጄ፣ ዓይኑ እያየ አሳየው» አሉት።

እንግዲህ ምን ይበል? ያን ጊዜ እንኳ ይናገራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ጭምብሉን አሰረ፤ ማሽኗን አስነሣ። መርፌው እላይ እስኪደርስ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። አፈሙዙን ሲከፍት አሸዋው ፎጨ፤ ከዝገቱ ሥር ግራጫ ብረት ብቅ አለ። ባለመኪናው «ወይ ጉድ!» ብሎ አንድ እርምጃ ተጠጋ። በዚያች ቅጽበት ባለቤቴ የድሮው ሰው ነበር፤ አቋቋሙ እንኳ ሌላ ነው። ከዚያ ፉጨቱ ሰለለ። አሸዋው ወደቀ። ባለቤቴ ዘጋና ቆመ።

«ምን ሆነ?» አለ ባለመኪናው።

«ማሽንም እንደ ሰው ያርፋል» አሉ ዳኛው እየሳቁ።

ደግሞ ሞላች፣ ደግሞ ፎጨች፣ ደግሞ ሰለለች። ሦስተኛው ላይ የቦካ አሸዋ ተፋች። ባለመኪናው ቸርኬው ላይ የጸዳችውን ትንሽ ቦታ አየ፣ የመኪኖቹን ብዛት በልቡ ያሰላ መሰለኝ። ጨዋ ሰው ነው። «እንግዲህ እመለሳለሁ» ብሎ ቸርኬውን አስጭኖ ሄደ። እመለሳለሁ የሚል ሰው ዕቃውን አስጭኖ አይሄድም።

ከዚያ በኋላ ነው የባሰው የመጣው። ዳኛው ነገሩን አውጥተው አውርደው የደረሱበት ሐሳብ ማሽኗን የሚነካ አልነበረም። ያቺ ማሽን ዓይናቸው እያየ ጎማ ወጥራለች፤ ቸርኬም አብርታለች። ስለዚህ ጥፋቱ የሠሪው መሆን አለበት። ምስኪን፣ መከራው እጁን አስረስቶታል አሉ። በክፋት አይደለም፤ ለለቅሶ ድንኳን ስንቀመጥ፣ ለማኅበር ስንገናኝ፣ «እጁ ረስቷል፤ አይዞህ በሉት፣ አትጫኑት» እያሉ ለሰው ሁሉ አደራ ሰጡልን። ሰፈሩ በሙሉ አይዞህ አለው። ከዚያ ወዲያ አንድ በያጅ እንኳ፣ አንድ ጋራዥ እንኳ ስለ ሙያው የጠየቀው የለም። ካምፑ ያልወሰደበትን ሙያ አዛኝ ሰው ወሰደበት።

እሱም አላስተባበለም። አንድ ጎሚስታ ማሽኗን ልግዛችሁ ብሎ መጥቶ ነበር፤ ለእሱ ሥራ ሸጋ ናት። ባለቤቴ እንቢ አለ። «ሸጥኳት ቢባል አባባ ምን ይሰማቸዋል?» አለኝ። ላስቲክ አልብሶ አጥሩ ሥር አስቀመጣት፤ እሱም ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባላል። የእሱ ሆድ ሰፋ፤ የእኔ ግን ጠበበኝ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቆረጥኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ነጠላዬን አጠበቅሁና ወደ ዳኛው ቤት አቀናሁ። በመንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ ደረደርኩት። ማሽኗ አትረባም፣ እሱ ገና ሲነካት አውቋል፣ እጁ አልረሳም፣ እርስዎን ላለማሳዘን ነው፣ አሁን ለሰፈሩ ይህንኑ ይንገሩልኝ። ስድብ የለበትም፤ እውነት ብቻ ነው።

በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ታመው ከርመው ነበርና እግራቸው ላይ ጋቢ ጣል አድርገዋል። ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ፤ ትከሻቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

«እንኳን መጣሽ፤ ልልክብሽ ነበር» አሉኝ። «ከአልጋ እንደተነሣሁ መጀመሪያ የሄድኩት የት እንደሆነ ታውቂያለሽ? እዚያ ባለመኪና ዘንድ ነው። በእግሬ። ለግቢው ዘበኛ ይፈልጋል። 'ሙያው ቢጠፋበት ታማኝነቱ አልጠፋበትም፤ ዋሱም እኔ ነኝ' አልኩት። ደግሞ ፈረምኩለት ልጄ።»

እግራቸውን አየሁ። በጋቢው ጫፍ በኩል ያበጠ ቁርጭምጭሚታቸው ይታያል። ያንን ዳገት በዚያ እግር ወጥተውታል። የደረደርኩት ነገር ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር። አንድም አልጠፋኝም። አንድ ቃል ብጀምር የቀረው ራሱ ይወርድ ነበር።

«እግዜር ይስጥልን አባባ» አልኩ። ጎንበስ ብዬም ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ቤት ስመለስ ባለቤቴ ድንጋዩ ላይ ነበር። ስለ ዘበኝነቱ ነገርኩት።

«ስለ ማሽኗ ነገርሻቸው?» አለኝ።

«አልነገርኳቸውም።»

«ጥሩ አደረግሽ» አለኝ።

ሰኞ ዕለት ካፖርትና ዱላ ሰጡትና ሥራ ገባ።